የመጀመሪያውን ኢንተርንሺፕ ለምትፈልጉ

በተማሪነቴ በአንድ ድርጅት ሒሳብ ክፍል ሦስት ወር ተለማምጃለሁ። ደረሰኝ በየቀኑ እየለየሁ ስመዘግብ ነው የከረምኩት። ክፍያ ይኖረው እንደሆነ ግን አልጠየቅሁም፤ ይሉኝታ ያዘኝ። በመጨረሻው ቀን ኃላፊው ፖስታ ሰጡኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ ብከፍተው ምስክር ወረቀት ነው፤ ስሜም ተሳስቶ ተጽፏል። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። የእኔው ግን ነቅዟል።

ዛሬ ማመልከቻ የማነበው እኔ ነኝ። አብዛኛው «ታታሪና በቡድን መሥራት የምችል» ብሎ ይጀምራል። እሱን አንብቤ ስለ አመልካቹ የማውቀው ነገር የለም። አንድ ጊዜ ግን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አምስት መስመር ጻፈችልን። ያሳተምነውን ዓመታዊ ሪፖርት ወስዳ፣ አንዱን ሰንጠረዥ በኤክሴል እንደገና ሠርታ፣ ድምሩ ከሥሩ ካለው ማብራሪያ ጋር እንደማይገጥም አሳየችን። መጨረሻው ላይ «ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ» ብላለች። አልተሳሳተችም። ሲቪዋን ያየሁት ከቀጠርናት በኋላ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ሲቪ ከማሳመራችሁ በፊት እንግዲህ የሚታይ ሥራ ይኑራችሁ፤ ትንሽም ቢሆን። ፕሮግራመሮች ይህ ቀድሞ ገብቷቸዋል። ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ የተባለው የጉግል ፕሮግራም ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር (ኮዱን ማንም አይቶ ሊያሻሽለው በሚችል ሶፍትዌር) ላይ ለሚሠሩ ጀማሪዎች ይከፍላል፤ ከማመልከቱ በፊት አንዲት ስህተት አርሞ የላከ ሰው ደግሞ ከባዶ እጁ ይሻላል።

ትልልቅ ኩባንያዎች ለረጅሙ ዕረፍት የሚሆነውን ቦታ ብዙ ጊዜ ወራት ቀድመው ነው የሚያስታውቁት። ትንንሾቹ ጭራሽ ማስታወቂያ ላያወጡ ይችላሉ። ለእነሱ፣ ልትሠሩበት የምትፈልጉትን ክፍል ለሚመራው ሰው በስሙ ጻፉ። ሳምንት ጠብቃችሁ አንዴ አስታውሱ፤ ዝም ካለ ወደ ሌላው እለፉ።

አሁን ወደዚያ ወደ ፖስታው። «ተቀብለናችኋል» ሲሏችሁ፣ ሥራ ሳትጀምሩ ጠይቁ። «ይከፈላል ወይ?» ብላችሁ ግን አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ «አይ» ለማለት ይመቻል። «ክፍያው ስንት ነው? በየስንት ጊዜው ነው የሚከፈለው?» በሉ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ፤ ኢሜይልም ይበቃል። «በኋላ እናያለን» ካሉ፣ በእኔ ልምድ የለም ማለት ነው። በጀት የለንም ማለት የድሃ ድርጅት ብቻ አይምሰላችሁ፤ ዋይት ሐውስ እንኳ ለኢንተርኖቹ መክፈል የጀመረው በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። እንዲያ ሲሆን ቢያንስ የትራንስፖርት ወጪ እንዲሸፍኑ ወይም ሰዓቱ እንዲቀነስ ጠይቁ። ካልተስማማችሁ አመስግናችሁ መተው ነውር አይደለም።

ምስክር ወረቀቱንም ሲሰጧችሁ፣ ከቢሮው ሳትወጡ ስማችሁን አንብቡ።