ራሷ ካልጻፈችው የማን ታሪክ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። በጣም የምወዳት ድምፃዊት ግለ ታሪኳን አሳተመች፤ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት፣ አልቅሼበታለሁም። በኋላ የምስጋናውን ገጽ ሳይ አንድ ጋዜጠኛ መጽሐፉን «አብሮኝ ስለጻፈ» ተብሎ ተመስግኗል። የተታለልኩ መሰለኝ። ያለቀስኩት ታዲያ ለማን ነው? (ቅር ያላት አንባቢ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቅሬታሽ ይገባኛል፤ ግን ያለቀስሽው ለእሷው ነው። የዝነኞች ግለ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ኖራዋለች፣ ሌላው መጻፍ ይችልበታል። ጸሐፊው ለወራት አጠገቧ ይቀመጣል፣ ድምፅ ይቀዳል፣ የተቀዳውን ይገለብጣል፣ «ያን ቀን ቤት ውስጥ ማን ነበር? እናትሽ ምን አለች?» እያለ ይጨቀጭቃታል፣ ከዚያ የተዘበራረቀውን ወሬ መልክ አስይዞ መልሶ ያስነብባታል። ከባድ ሥራ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ሬይ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣውን ግለ ታሪኩን ከጸሐፊው ዴቪድ ሪትዝ ጋር ነው የሠራው። የሮክ ባንዱ የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስም የ2010ሩን ከጋዜጠኛው ጄምስ ፎክስ ጋር። የሁለቱም አጋሮች ስም መጽሐፉ ላይ ታትሟል፤ የተደበቀ ነገር የለም። እኔን የሚያናድደኝ ሲደበቅ ነው። ስሙን እንዳያወጣ በውል የታሰረ ጸሐፊ አለ፤ ይሄ ለእሱም ለአንባቢውም ክብር አይደለም። ስሙ ሽፋኑ ላይ ይውጣ!

ራሳቸው ቁጭ ብለው የሚጽፉም አሉ። ድምፃዊቷ ፓቲ ስሚዝ የወጣትነት ጓደኛዋ ፎቶግራፍ አንሺው ሮበርት ሜፕልቶርፕ በ1989 ከመሞቱ በፊት ታሪካቸውን እንደምትጽፈው ቃል ገባችለት። መጽሐፉ የወጣው በ2010 ነው። ሃያ ዓመት ቃል ተሸክሞ መኖር እንዴት እንደሚከብድ አስቢው። በዚያው ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘች።

እኔ ግን ማን ጻፈው ከሚለው በፊት አንድ ነገር አያለሁ። ባለታሪኳ ራሷን የምታጋልጥበት ገጽ አለ ወይ? ቅናቷን፣ የካደችውን ጓደኛ፣ ልጇን ትታ የሄደችበትን ቀን ነግራሻለች? እንዲህ ያለውን ነገር ጸሐፊ ከኪሱ አያወጣውም። ከሷ ነው የመጣው። አንቺን ያስለቀሰሽ ገጽ እንዲህ ያለ ከሆነ ምንም አልተወሰደብሽም።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የዘፋኞችንና የተዋንያንን ግለ ታሪክ ማንበብ ይዣለሁ። ግን ስለ አንድ ሰው ሁለት መጽሐፍ ሳነብ ታሪኩ አይገጥምም። ይዋሻሉ እንዴ?

መልስ፦ አንዳንዴ አዎ። አንዳንዴ ደግሞ ይረሳሉ፣ አንዳንዴ ይዘላሉ፤ ሦስቱን ለይተው ቢያዩዋቸው ደስ ይለኛል።

የጃዝ ዘፋኟን ቢሊ ሆሊዴይን ይውሰዱ። በ1956 ከጋዜጠኛው ዊልያም ደፍቲ ጋር ያሳተመችው መጽሐፍ ገና ሲጀምር እናትና አባቷ ሲጋቡ ልጆች እንደነበሩ፣ እሷም ያኔ ሦስት ዓመቷ እንደነበረ ይነግረናል። በኋላ ሕይወቷን ያጠኑ ሰዎች ግን ወላጆቿ ጭራሽ እንዳልተጋቡ ደረሱበት። እንግዲህ ይሄ ውሸት ነው? መዝገብ ለሚያገላብጥ ሰው ነው። እኔ ሳነበው ግን የሚታየኝ አባትና እናቷን ቢያንስ በወረቀት ላይ አንድ ቤት ልታስገባ የፈለገች ሴት ናት። ይህ የኔ ግምት ነው፤ ግን ያንን መስመር ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ቻርሊ ቻፕሊን ደግሞ ዘለለ። በ1964 ባሳተመው ግለ ታሪኩ ስለ ሁለተኛ ሚስቱ ስለ ሊታ ግሬይ በዝርዝር አልጽፍም ብሎ አለፈ፤ ምክንያቱንም ነገረን፣ ከእሷ የወለዳቸው ሁለት ልጆች አሉ፣ ያደጉ፣ የሚወዳቸው። ስሟን እንኳ አላነሳም። አንዳንዱ ፈራ ይላል። እኔ አባት ነው እላለሁ፤ ግን የእሷም ወገን ታሪክ እንደነበራት አልረሳም። በዚያው መጽሐፍ የለንደን ልጅነቱ፣ በሰባት ዓመቱ ከእናቱና ከወንድሙ ጋር ወደ ድሆች መጠለያ መግባቱ፣ እናቱ አእምሮዋ ሲታወክ ማየቱ አለ። እሱን ሲያነቡ አንድም የተደበቀ ነገር ያለ አይመስልም። ዝነኛ ከሆነ በኋላ ያለው ክፍል ግን ከማን ጋር እራት እንደበላ የሚቆጥር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ይገላብጡት።

ስለዚህ ያልገጠመውን ቦታ በእርሳስ ያስምሩበት። ሰውየው ምን እንደከበደው የሚታወቀው ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው።

ጥያቄ፦ አንዷ ተዋናይት «እናቴ በመሞቷ ደስ ብሎኛል» ብላ መጽሐፍ አወጣች አሉ። የእናትን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር አይደለም?

መልስ፦ ርዕሱን መጀመሪያ ስሰማ እኔም ደንግጫለሁ። መጽሐፉ የጄኔት መከርዲ ነው፣ በ2022 የወጣ። በልጅነቷ በቴሌቪዥን ታዋቂ ነበረች። ትወናውን የፈለገችው እሷ ሳትሆን እናቷ ነበሩ፤ በስድስት ዓመቷ አስጀመሯት። በአሥራ አንድ ዓመቷ ደግሞ ሰውነቷ እንዳይለወጥ ምግብ እየቀነሱ መኖርን አስተማሯት፣ ከዚያ የአመጋገብ ሕመም ለዓመታት አልለቀቃትም። እናቷ በ2013 በካንሰር አረፉ።

አንብቤ ስጨርስ ርዕሱ የጥላቻ አልመሰለኝም። ልጅቷ እናቷን ትወድ ነበር፤ እናቷ ደስ እንዲላቸው የማታደርገው አልነበረም፤ የሚያመውም ይሄ ነው። ገመና የምንለው ብዙ ጊዜ ትልልቆቹን የሚሸፍን፣ ትንሿን ልጅ ውጭ የሚያስቀር ነገር ነው። እሷ ደግሞ የራሷንም ገመና አልሸፈነችም። ሰው የሌላውን ብቻ አራግፎ ራሱን ንጹሕ አድርጎ ቢጽፍ ከእርስዎ ጋር ነኝ፣ ነውር ነው። እሷ ግን እንዲህ አላደረገችም።

ዘፋኟ ብሪትኒ ስፒርስም እንዲሁ። ከ2008 እስከ 2021 ገንዘቧም የግል ሕይወቷም በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሌሎች እጅ ነበር፣ አባቷንም ጨምሮ። በእነዚያ 13 ዓመታት ስለሷ ያላወራ ሰው የለም። በ2023 እሷ በራሷ መጽሐፍ ስትናገር ዝም በይ ማለት ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ ይሻላል ወይስ በድምፅ መስማት?

መልስ፦ ባለታሪኩ ራሱ የሚያነበው ከሆነ ስማ። ተዋናይቷ ቫዮላ ዴቪስ የራሷን መጽሐፍ አንብባ በ2023 የሙዚቃና የድምፅ ሥራዎች ሽልማት የሆነውን ግራሚ ተሸልማበታለች፤ የቴሌቪዥኑ ኤሚ፣ የፊልሙ ኦስካርና የቴአትሩ ቶኒ ቀድሞም ነበራት። የደቡብ አፍሪካው ኮሜዲያን ትሬቨር ኖዋ በ2016 ያሳተመውንም ስማ። ጥቁር እናቱና ነጭ አባቱ እሱን መውለዳቸው በአፓርታይድ ሕግ ወንጀል ነበር፤ ትርክቱ ውስጥ የኮሳንም የዙሉንም ቋንቋ በራሱ አፍ ስለሚናገረው ወረቀቱ ላይ የማይገኝ ነገር ታገኛለህ። የብሪትኒን ግን መግቢያውን ብቻ ነው እሷ ያነበበችው። ቀሪውን ተዋናይቷ ሚሼል ዊልያምስ ናት። ያን ሁሉ እንደገና መኖር ከበዳት።