ነገ እደውላለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን ሰነበቱ። ንስሐ ከገባሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የንስሐ አባቴ ቁጥር ስልኬ ላይ አለ ግን ነገ እደውላለሁ እያልኩ ይኸው፣ መጀመሪያ ከፍልሰታ በፊት አልኩ፣ ከዛ አዲስ ዓመት ይለፍ፣ ከዛ ጥምቀት፣ አሁን ደሞ ዐቢይ ጾም ሲገባ እያልኩ ነው። ሥራ ላይም እንደዚሁ ነኝ፣ ሪፖርት የምጽፈው በመጨረሻዋ ሌሊት ነው። ስንፍና ነው ወይስ ፈተና?

መልስ፦ እህቴ መጀመሪያ ይቅርታ፣ ጥያቄሽ ከደረሰኝ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ ረጋ ብዬ እመልስላታለሁ እያልኩ ነው ያቆየሁት፣ ስለዚህ ከላይ ሆኜ አይደለም የማወራሽ።

ሰነፍ ሰው ነገሩን ይረሳዋል፣ አንቺ ግን በዓል እየቆጠርሽ ቀጠሮ ታራዝሚያለሽ። ይሄ ፍርሃት ነው የሚመስለኝ፣ ወይ የአባን ፊት ወይ የሚሰጡሽን ቀኖና። ፈርቼ ነው ማለት ግን አያድንም፣ ማቴዎስ 25 ላይ መክሊቱን የቀበረው ሰውዬ የሰጠው ምክንያት "ፈራሁ" ነው፣ ጌታው ግን ሃኬተኛ፣ ማለትም ሰነፍ፣ ነው ያለው።

ሐዋርያት ሥራ 24 ላይ ደሞ ፊልክስ የሚባል አገረ ገዢ አለ፣ ጳውሎስ ታስሮ ፊቱ ቀርቦ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛት፣ ስለሚመጣው ፍርድ ሲነግረው ደነገጠና አሁን ሂድ፣ ሲመቸኝ አስጠራሃለሁ አለው። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ጊዜ አጥቶ እንዳይመስልሽ፣ ከዛ በኋላ ደጋግሞ አስጠርቶታል፣ ግን ጉቦ ይሰጠኛል ብሎ ነው! ሁለት ዓመት እንደዛ ሲል ቆይቶ ሹመቱን ለሌላ አስረክቦ ሄደ፣ ጳውሎስም እዛው ታስሮ ቀረ። የተመቸ ጊዜማ መጥቶለት ነበር። እኛም ለአክስት ልጅ ሰርግ ቀሚስ ስናማርጥ ግማሽ ቀን እናገኛለን።

ሌላው፣ ብዙ ሰው "ትንሽ ጸሎት ልጀምርና፣ ይሄን ነገር ልተውና ከዛ አባ ጋ እሄዳለሁ" ይላል፣ ልብሱን አጥቦ ተኩሶ ላውንደሪ እንደሚወስድ ሰው ማለት ነው። እንዳለሽ ሂጂ። ቀኖናውም በአቅም ነው የሚሰጠው፣ ሥራሽንም ጤናሽንም ንገሪያቸው፣ ስግደቱ ከከበደሽ አባ አልችልም ማለት ነውር የለውም። የነገርሻቸውን ደሞ ለማንም አያወጡም።

ለሪፖርቱ ብዙ ምክር የለኝም፣ ጠዋት ስልክ ሳትነኪ አንድ ገጽ ጻፊ፣ በቃ። ግን ከአልጋ መነሳት ራሱ ካቃተሽ፣ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ከጠፋ ሐኪም አናግሪ፣ ጸበልና ሐኪም አይጣሉም።

አሁን ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪ። ኑዛዜውን በስልክ አትጀምሪው፣ "አባ ይፍቱኝ፣ እገሊት ነኝ፣ መቼ ልምጣ?" ብቻ በይ። ቀኑን እሳቸው ይቁረጡልሽ፣ አንቺ ስትቆርጪ ምን እንደሚሆን አይተነዋል። ካላነሱ ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ፣ ከሰዓት ድገሚው።