ያጋደምኩት ማስመሪያ

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ልጅ ቡና ልትጠጣ መጣች። ሐይቁ ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ አስተናጋጅ ሆና ከገባች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ሁለተኛውን ስኒ እንደያዘች፣ «ጋሼ፣ የሙከራ ጊዜ ደመወዝ የለውም እንዴ?» አለችኝ። ባለቤቱ «ቲፕ እያገኘሽ አይደል? ደመወዝ ከሦስት ወር በኋላ ነው» ብሏታል።

መልሱ ቀላል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ እሱም በጽሑፍ ከተስማሙ ነው። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም እንደማንኛውም ሠራተኛ ይከፈለዋል። ይህን ነግሬ ሸኘኋት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ዕድሜዬን የሰው ደመወዝ ስሠራ የኖርኩ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በ1998 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር በሚሠራ አንድ ሆቴል ግንባታ ላይ ተቀጠርኩ። ቢሮዬ ከሲሚንቶ መጋዘኑ ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ጠዋት ጠዋት ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ሲገቡ በመስኮቷ አያለሁ።

የማታ ዘበኛ ነበሩን። ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ያድራሉ፤ ሰባቱንም ቀን። በሳምንት 84 ሰዓት ማለት ነው። ሕጉ ያኔም አሁንም 48 ነው የሚለው።

ደመወዛቸው 250 ብር ነበር። እኔ የምሠራው ፔሮል፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ግን መነሻ 250፣ ትርፍ ሰዓት 200፣ ድምር 450 ይላል። አያ የሚቀበሉት 250ውን ብቻ ነው። ሁለት መቶው የት እንደሚገባ ጠይቄ አላውቅም። አውቅ ነበራ!

አያ ፊደል አልቆጠሩም። የሚፈርሙት በአውራ ጣታቸው ነው። ቀለሙን እኔ እቀባላቸዋለሁ፣ ጣታቸውንም ይዤ ቦታው ላይ አሳርፋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር አደርግ ነበር። ቁጥሮቹ እንዳይታዩ ማስመሪያ አጋድምባቸዋለሁ። ሰውዬው ማንበብ አይችሉም። ከማን ነበር የምደብቀው?

አባቴ እንኳን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ያ ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሣ የተሠራው ፋብሪካ። ደመወዝ የተቀበለ ዕለት ወረቀቷን ለእናቴ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላት ነበር። ይኼን ያህል ሠራሁ፣ ይኼን ያህል ተቆረጠ እያለ። እሷም አታነብም። ግን ወረቀቷን ተቀብላ ዓይኗን ጣል ሳታደርግባት አትመልስለትም።

አንድ የደመወዝ ቀን አያ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ የሌሊቱስ አይታሰብም?» አሉኝ። «ሕንፃው ይለቅ አያ፣ ባለቤቱ ያስቡልዎታል። ትንሽ ይታገሱ» አልኳቸው። አመሰገኑኝ። መረቁኝም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ደመወዝም ሆነ ትርፍ ሰዓት መከፈል ከነበረበት ቀን አንሥቶ 6 ወር ካለፈው ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ይቀራል ማለት ነው። በዚያን ጊዜው አዋጅ 377/96ም ነበረ፣ ዛሬም አለ። «ይታገሱ» ባልኳቸው ቁጥር ከኋላ አንድ አንድ ወር እየተቃጠለ ነበር። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። የአዋጁ ቅጂ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነበር።

ሕንፃው አለቀ። አያም ተሰናበቱ። ቢመላለሱ ቢመላለሱ የሚሰማቸው ሲያጡ ከሰሱ። እኔንም በምስክርነት ጠሩኝ። የቀጠሮው ዕለት አለቃዬ የማእድ ቤት ዕቃ ዋጋ እንዳጣራ አዲስ አበባ ላከኝ። ቀኑን አውቀዋለሁ፤ እምቢ ማለትም እችል ነበር። ሄድኩ። ችሎቱ በሚሰየምበት ሰዓት ደጀን ላይ አውቶቡሱ ለምሳ ቆሞ ነበር። ሹሮ አዘዝኩ። «ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ» ብላችሁ ደስ ባለኝ፤ ጥርግ አድርጌ በላሁት።

ፍርድ ቤቱ ፔሮሉን አየ። አሥራ አራት ወር፣ አሥራ አራት አሻራ። ትርፍ ሰዓት ተከፍሏል ይላል፤ የወር ሁለት መቶ ብር። አያ ተረቱ። ከዓመት በኋላ ገበያ ውስጥ አገኘኋቸው። ሸሽቼ ላልፍ ስል እሳቸው ጠሩኝ። «ልጆች ደኅና ናቸው?» አሉኝ።

እንግዲህ ምክር ከተባለ፣ ያላነበባችሁት ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ግን ይኼንንም ስጽፍ እጄ ይይዘኛል። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው «አልፈርምም» ብሎ የት ይገባል? ፈርሙ፤ ስልክ አላችሁ፣ ፎቶ አንሱት። የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፉ።

የዛሬ ልጆች አንድ ነገራችሁ ያናድደኛል። አለቃ ተቆጣኝ ብላችሁ የሠራችሁበትን ሳትቀበሉ ጥላችሁ ትወጣላችሁ። ከዚያ ቲክቶክ ላይ ወጥታችሁ ትሳደባላችሁ። ስድብ ይርጋ አያቋርጥም። ይርጋ የሚቋረጠው የሥራ ክርክር ለሚያየው አካል አቤቱታ ስታስገቡ ነው፤ ወይም አሠሪው ራሱ «አዎ፣ አለብኝ» ብሎ ሲጽፍላችሁ። ለሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ እንኳ አይከፈልም። እርግጥ እኛ ዝም ብለን ስንታገስ ኖረን ምን አመጣን? ምናልባት መሳደቡም ይሻል ይሆናል።

ፔሮል የምትሠሩ ልጆችስ? ለእናንተ ብዙ ልጽፍ ነበር የተነሣሁት። የምትሠሩትን ታውቁታላችሁ።

ልጅቷ ትናንት ማታ ፈርሚ የተባለችውን ወረቀት በቴሌግራም ላከችልኝ። ጽሑፉ ደቃቅ ነው፤ በመነጽርም አልታይ አለኝ። ልጄ ከሥራ ሲመለስ እንዲያጎላልኝ እየጠበቅሁት ነው።