«አሳ ላጥና ብል ቤተሰቤ ሳቀብኝ» ላለችኝ የአዘዞ ልጅ

ሰላም እታለም፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልንገራቸውና ልግባ፦ ልጅቷ የአዘዞ ልጅ ናት፣ ባዮሎጂ ተመርቃ የመውጫ ፈተናውንም አልፋ ቤት ከተቀመጠች ዓመት ሊሞላት ነው፣ ምትፈልገው የውሃ ውስጥ እንስሳት ላይ መመራመር ነው፣ ቤተሰብ ግን «አሳ ለማየት ነው እንዴ ያስተማርንሽ» ይላል፣ አሁን ደሞ ጣና ዳር ባለችው ደምቢያ ወረዳ ውስጥ ሃይስኩል የማስተማር ስራ ተገኝቶላታል፣ እሱን ልያዝ ወይስ እንደምንም ብሬን አጠራቅሜ አዲስ አበባ ሞለኪዩላር ባዮሎጂ ማስተርስ ልማር ነው ጥያቄዋ። መጨረሻ ላይ «ዋና አልችልም፣ ችግር አለው?» ብላለች። የዋናውን በኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ የምልሽ የደምቢያውን ስራ ያዥው ነው። ለደመወዙ ብዬ አይደለም፣ የመምህር ደመወዝ ምን እንደሆነ አንችም እኔም እናውቃለን። ቦታው ነው ነገሩ። ሰው ሁሉ ከባህር ዳር ከአዲስ አበባ ከአውሮፓ በጀት አስፀድቆ፣ መኪና ተከራይቶ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሚመለስበት ጣና ሀይቅ አጠገብ ደመወዝ እየተከፈለሽ ልትኖሪ ነው እኮ። ከደምቢያዋ ከተማ ከቆላ ድባ ጣና ዳር ጎርጎራ ምን ያህል ነው? ቅዳሜ ሄደሽ እሁድ መመለስ ነው፣ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን።

ቤተሰብሽ ለምን እንደሚስቅ ይገባኛል፣ እኛ ሀገር አሳ ማለት የፆም ምግብ ነው በቃ። ግን እናትሽ ለሁዳዴ ምትገዛው «ነጭ አሳ» አንድ አሳ አይደለም። ላቤዮባርበስ ነው የወገኑ ስም፣ ጣና ውስጥ 15 ዝርያ ተቆጥሮለታል፣ አብዛኞቹ ጣና ላይ እንጂ ሌላ የትም የሉም። ጢስ አባይ ወደ 40 ሜትር ሚጠጋ ፏፏቴ ስለሆነ ከታች ያለው አሳ ሽቅብ መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ ከላይ ያሉት ለብቻቸው ቀርተው ለብቻቸው ተለዋወጡ። ጣና ደሞ ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር ከደለሉ ላይ ተነቧል፣ ማለትም ይሄ ሁሉ መልክ የመጣው በዝግመተ ለውጥ አቆጣጠር ትናንት በሚባል ጊዜ ነው ተብሎ ነው ሚታሰበው። ከ15ቱ 8ቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው፣ አስቂኙ ነገር አፋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፣ ጨጓራም የላቸውም፣ ጥርሱ ጉሮሮ ውስጥ ነው ያለው። ይሄን ለእናትሽ ንገሪያት፣ የነጭ አሳ ጭንቅላት ቀቅለሽ ከስንጥቡ ኋላ ያለውን አጥንት አውጥተሽ አሳያት፣ ሳቁ በሌላ ሳቅ ይቀየራል።

ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሚባል ሀይቅ ላይ ተመሳሳይ የአሳ ቤተሰብ ነበር፣ ከውጭ በገባ አሳና ከልክ ባለፈ ማጥመድ አለቀ። ስለዚህ በዚህ አይነት የቀረው የኛው ነው ይባላል። እሱም ደህና ነው ማለት አይቻልም፣ በ1980ዎቹ አጋማሽ (በፈረንጆቹ ነው ምቆጥርልሽ) የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ከገባ በኋላ፣ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ የነጭ አሳው ብዛት 75 በመቶ አካባቢ ወርዷል። ምክንያቱ ብዙ ነው ግን ዋናው ሲጠቀስ ሚሰማው፣ አሳው ክረምት ላይ እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዝ ሲወጣ ወንዙ ሀይቁ ውስጥ ሚገባበት አፍ ላይ መረብ ዘርግተው ስለሚጠብቁት ነው። መገጭ፣ ድርማ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ ግልገል አባይ፣ እነዚህ አፍ ላይ ተሰብስቦ ጎርፍ ሲመጣ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ያለበት ጥሩ ውሃ ፈልጎ ነው ሚጥለው፣ አሸዋና ጠጠሩ ለግንባታ ሲዛቅ ደሞ ሚጥልበትም ያጣል።

እዚህ ጋ ነው የመምህርነቱ ነገር ሚመጣው። አሳው ሚወጣው ከሐምሌ ጀምሮ መስከረም ጥቅምት ድረስ ነው። ትምህርት ቤት ሚዘጋው መቼ ነው? ይኸው! የመስሪያ ቤት ሰው በዛ ወቅት ጭቃውን ፈርቶ ቢሮ ሲቀመጥ አንች እረፍት ላይ ነሽ። ድርማና መገጭ ሁለቱም ደምቢያ ናቸው። የቀበሌና የወረዳ እንስሳትና አሳ ፅህፈት ቤት ደብዳቤ ይዘሽ፣ የአጥማጆቹን ማህበር አናግረሽ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን የወረደላቸውን አሳ መቁጠር፣ መለካት፣ መመዘን፣ ወንድ ሴቱን፣ እንቁላል መያዝ አለመያዙን መፃፍ፣ ይሄ ብቻ ለሁለት ክረምት ቢሰራ እመኝኝ ብዙ ማስተርስ ተማሪ የሌለው ዳታ ነው። አንች ራስሽ ማጥመድ አይጠበቅብሽም፣ የነሱን ማየት ይበቃሻል፣ አጥማጁን ግን እንደ መረጃ ሰጪ ብቻ አትይው፣ ጠይቂው፣ ነገደ ወይጦዎቹ በተለይ ከአያት ቅድመ አያት ጀምረው ከደንገልና ታንኳ ጋር የኖሩ ናቸው፣ የቱ አሳ የት ጋ መቼ እንደሚገኝ ሚያውቁትን ያህል ያወቀ ፅሁፍ አላየሁም።

ደምቢያ ካልኩ አይቀር አንድ ወሬ። በ1830ዎቹ ሩፐል ሚባል ጀርመናዊ ጎንደር ድረስ መጥቶ የጣናን አሳ ሰብስቦ ፍራንክፈርት ይዞ ሄደ፣ እሱ ስም ካወጣላቸው አንዷ ትንሽ ድንጋይ ላይ ምትለጠፍ አሳ ናት፣ ስሟ ጋራ ደምቤንሲስ። የደምቢያዋ ማለት ነው! ልትቀጠሪበት ያለሽው ወረዳ ከ190 ዓመት ገደማ በፊት በአሳ ስም አለም ላይ ተመዝግቧል። ሁሉም ነገር ድሮ አልቋል ብለሽ ደሞ እንዳታስቢ፣ «ጋራ» ከሚባለው ከዚሁ ወገን ሁለት ዝርያዎች ከጣና አዲስ ተብለው የተገለፁት በ2007 ነው፣ አንደኛው ፀሀፊ የኛው ፕሮፌሰር አበበ ጌታሁን ናቸው። በ2000 ደሞ ውሃ ውስጥ ሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳትን ምትበላ ትንሽ አሳ ተገልፃለች፣ ከፀሀፊዎቹ ውስጥ እሸቴ ደጀን አሉ። እንግዲህ ትልቁ ሀይቃችን ላይ አሳ ገና በዚህ ሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ ስም እየወጣለት ከሆነ፣ ቀንድ አውጣውና የውሃ ትሉማ ምን ያህል እንደሚቀረው ገምች።

አሁን ስለ ሞለኪዩላሩ። አትማሪው አላልኩሽም፣ ቅደም ተከተሉን ነው። ብዙ ልጆች ላብ ላብ ሲሉ አያለሁ፣ ነጭ ጋውን ደስ ይላል፣ ግን ናሙናውን ሌላ ሰው ያመጣላቸውና ምን እንደሆነ እንኳን ሳያውቁት ቲዩብ ውስጥ ይጨርሱታል። የጣና ነጭ አሳዎች ደሞ በተለመደው የዲኤንኤ ባርኮድ (ዝርያ በሚለዩበት አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) በደንብ አይለያዩም፣ ከተለያዩ ገና ቅርብ ጊዜ ስለሆነ። ማለትም ማሽኑ «አላውቅም» ሲል «ኧረ ይሄ አፉ ወደ ላይ ነው፣ ያ ከንፈሩ ወፍራም ነው» ብሎ ሚለይ አይን ያስፈልጋል፣ ያ አይን ደሞ ሚገኘው ሺ አሳ አይቶ ነው። አሳውን የሚያውቅ ሰው ላብ ሲገባ ሁሉም ይፈልገዋል፣ ላብ ብቻ የሚያውቅ ግን እንደሱ አይነት ብዙ አለ።

አሁኑኑ ከአዘዞ ሳትወጭ ምትጀምሪው ነገር ልስጥሽ። ቀሃ ወንዝ፣ ያው የጥምቀት ጊዜ የፋሲል መዋኛን የሚሞላው፣ ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ሁለት ቦታ ምረጭ። ወንፊት መረብ ያዥ፣ ከሌለ የሚያጣራ ጨርቅ በሽቦ አሰፊ፣ ቦቲ አድርገሽ ድንጋዩን በእግር ስታውኪው ያለው እንስሳ ወደ መረቡ ይገባልሻል። ከላይ በኩል ሆዱ ጎንና ጎን ላይ ቅጠል የመሰለ መተንፈሻ ያለው፣ ጭራው ሁለት ወይ ሶስት ክር የሆነ ሜይፍላይ ሚባል እጭ ታገኛለሽ፣ ከታች ቆሻሻው ከገባ በኋላ ደሞ ቀይ ትል ይበዛል፣ ቀይ የሆነው ልክ እንደኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፣ ኦክስጅን ባነሰበት ውሃ ይኖራል። ምንም ላብራቶሪ ሳያስፈልግሽ የወንዙን ጤና በእንስሳቱ አነበብሽ ማለት ነው። 70 በመቶ አልኮል ፋርማሲ አለ፣ እሱ ላይ አስቀምጭው፣ አረቄ አይሆንም እንዳትሞክሪ።

ስትፅፊ ደሞ በእርሳስ ፃፊ፣ እባክሽ። እኔ ተማሪ እያለሁ ሃያ ሰባት ብልቃጥ ሰብስቤ በቢክ እስክሪብቶ ፅፌ ውስጥ ከተትኩት፣ አልኮሉ ቀለሙን አጥቦ ጨረሰው፣ የቱ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ የሶስት ወር ስራ ወደ ገደል። ወረቀት ላይ በእርሳስ፣ ቀን፣ ቦታ፣ የጂፒኤስ ቁጥር፣ ብልቃጡ ውስጥ ይገባል፣ ከውጭ ብቻ ሚለጠፈው ይወድቃል።

ማታ ማታ መብራትና ኔትወርክ ሲኖር አር ሚባለውን የዳታ መተንተኛ ሶፍትዌር ተማሪ፣ ነፃ ነው፣ ኪውጂአይኤስም ለካርታ ነፃ ነው። ፊሽቤዝ ሚባለው የአሳዎች ድረ ገፅ ላይ ያየሽውን አሳ ሁሉ እያወጣሽ አንብቢ። ዳታ ያላት፣ አር ምትችል፣ ዝርያ ምትለይ ልጅ ብዬ ነው ለሰው ማስተዋውቅሽ።

ማስተርሱ ከሁለት ክረምት በኋላ ይሁን። ሀገር ውስጥ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በአሳና ረግረግ መሬት በኩል፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዞሎጂካል ሳይንስ ትምህርት ክፍል በአኳቲክ ሳይንስ በኩል አለ። ውጭ ከሆነ ኦስትሪያ ኬንያና ኔዘርላንድስ ላይ ተዘዋውረሽ ምትማሪው ሊምኖሎጂ (የሀይቅና የወንዝ ጥናት) እና የረግረግ መሬት አያያዝ ሚባል ፕሮግራም አለ፣ ቤልጅየም ደሞ ኦሽንስ ኤንድ ሌክስ ሚባል ማስተርስ አለ፣ እነዚህ ላይ ስታመለክች «ከልጅነቴ ጀምሮ ተፈጥሮን እወዳለሁ» ብለሽ ከጀመርሽ ያው ከሺ ሰው ጋር ተሰለፍሽ፣ «ድርማ ወንዝ አፍ ላይ ሁለት ክረምት ይሄን ያህል አሳ ለክቼ ይሄን አየሁ» ብለሽ ስትጀምሪ ግን ፕሮፌሰሩ ወንበሩን ያስተካክላል።

ስራ የሚባለውን አላሳምርልሽም። ሰበታ ያለው ብሄራዊ የአሳ ምርምር ማዕከል፣ ባህር ዳር ያለው የአሳና ሌሎች የውሃ ውስጥ ህይወት ምርምር ማዕከል፣ የብዝሃ ህይወት ኢንስቲትዩት፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች፣ ግድብና መንገድ ሲሰራ የአካባቢ ተፅእኖ ግምገማ ሚሰሩ አማካሪዎች፣ ቦታው ይሄው ነው፣ ቅጥር ሲወጣ ደሞ በጣት ሚቆጠር ነው። ለዛ ነው በአሳ ብቻ እንዳትታጠሪ ምልሽ። ጎንደር ላይ ያለሽ እድል ሌላ ነው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 የህዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረ የህክምና ቤት ነው፣ ጣና ዳር ደሞ ብልሃርዝያ አለ፣ ብልሃርዝያን ሚያሸጋግረው ምንድነው? ቀንድ አውጣ! ባዮምፋላሪያ ሚባለው። ሀኪሙ ሰገራ ይመረምራል መድሃኒት ይሰጣል፣ ቀንድ አውጣው የትኛው ዳርቻ ላይ፣ በየትኛው ወር፣ እምቦጭ ስር ይበዛል ወይስ ንፁህ ውሃ ላይ ሚለውን ግን ሚመልሰው ዞሎጂስት (የእንስሳት አጥኚ) ነው። እምቦጩ ራሱ ጣና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በይፋ የታየው በ2011 በመገጭ አፍ በኩል፣ በናንተው ደምቢያ ነው። ሰዉ በእጁ ሲነቅል ኖሯል፣ ከስሩ ምን እንስሳ እንዳለ ቆጥሮ መዝግቦ ያስቀመጠው ግን ጥቂት ነው። እኔ ብሆን ከአሳው ጎን ይሄን ሁለተኛ እጄ አደርገው ነበር፣ የጤናው በጀት ከአሳው በጀት ሁሌም ይሻላል፣ እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ውሃ ዋናው። አለመቻልሽ ችግር የለውም፣ ግን ዋና ተማሪ። አብዛኛው ስራ ጀልባ ላይና ዳርቻ ላይ ነው፣ ላይፍ ጃኬት (የመንሳፈፊያ ጃኬት) ሳታጠልቂ ታንኳም ጀልባም ላይ እንዳትወጭ፣ አጥማጁ ቢስቅም ይሳቅ። ሸምበቆና ደንገል ውስጥ ጉማሬ አለ፣ ጠዋትና ማታ ብቻሽን አትሂጅ፣ የሰፈሩን ሰው ስሚ። ውሃ ውስጥ በባዶ እግርሽ አትግቢ፣ ከላይ ያልኩሽ ቀንድ አውጣ ላንችም አለና፣ ረጅም ቦቲ ግዥ፣ የመጀመሪያው ደመወዝሽ እዛ ላይ ይዋል።

ቤተሰብ ላይ አትከራከሪ። ለአባትሽ «የመንግስት መምህር ሆንኩ» በያቸው፣ እውነት ነው፣ ደስ ይላቸዋል፣ የአሳውን ቅዳሜ ቅዳሜ ትሰሪያለሽ። ኮንትራቱን ስትፈርሚ ዝውውር በስንት ዓመት እንደሚፈቀድና ለትምህርት መልቀቂያ እንዴት እንደሚሰጥ ሳትጠይቂ እንዳትፈርሚ፣ ብዙ ሰው ስኮላርሺፕ መጥቶለት መልቀቂያ አጥቶ የቀረው እዛች ወረቀት ላይ ነው።

ቀሃ ላይ የሰበሰብሽውን የመጀመሪያ ሰንጠረዥ ላኪልኝ፣ ከላይና ከታች፣ አስር አስር ናሙና ይበቃል። በእርሳስ የተፃፈውን ፎቶ አንስተሽ።