ለፋሲካ ትንንሽ ዳቦ ቀደም ብሎ መጋገር

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። የምኖረው ኮዬ ፈጨ ኮንዶሚኒየም ነው። ዘንድሮ የባለቤቴ ቤተሰቦች ፋሲካን እኛ ጋ ነው የሚያሳልፉት፤ ከነልጆቹ ሃያ ሰው ገደማ እንሆናለን። ከድፎው ሌላ በወተትና በቅቤ የተሠራ ትንንሽ ለስላሳ ዳቦ ለቁርስና ለቡና ላቀርብ አስቤያለሁ። ግን ቅዳሜ ዶሮው አለ፣ መብራቱም አይታመንም። ረቡዕ ጋግሬ ፍሪጅ ባስቀምጠው እስከ እሁድ ይቆይልኛል? ጾም ላይ ስለሆንኩ ደግሞ ሊጡን መቅመስ አልችልም።

መልስ፦ እህቴ፣ ቀደም ብለሽ ለመጋገር ማሰብሽ ልክ ነው። ፍሪጁን ግን ተይው። ዳቦ ከተጋገረ በኋላ ውስጡ ያለው ስታርች ቀስ በቀስ እየጠጠረ ይሄዳል። ይሄ ደግሞ በጣም የሚፈጥነው ልክ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ግን የቆመ ያህል ነው። በደንብ ከታሸገ አንድ ወር ይቆይልሻል።

እንዲያውም ረቡዕን አትጠብቂ። ሰሙነ ሕማማት ለስግደቱና ለጸሎቱ ይሁንልሽ። ሐሙስ ጉልባን አለ፣ ዓርብ ስቅለት ነው፣ ቅዳሜ ሽንኩርቱ ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል። የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ጋግረሽ ተገላገይ።

ስለ መቅመሱ አታስቢ፤ ሚዛን ይቅመስልሽ። ከሌለሽ ከጎረቤት ተዋሺ። ለ1 ኪሎ ፍርኖ ዱቄት 20 ግራም ጨው፣ 80 ግራም ስኳር፣ 8 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 100 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 2 እንቁላልና ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ወተት። እርሾው አነሰ እንዳትዪ። አዲስ አበባም ዙሪያዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ይላሉ። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ኩፍ ይላል። እርሾ ከበዛበት ደግሞ ኦቨን ውስጥ ገብቶ መልሶ ቁጭ ይላል።

ቅቤውን መጨረሻ ላይ ጨምሪ። ትዕግሥት የሚፈልገው እዚህ ጋ ነው። ቅቤው ሲገባ ሊጡ ይለቃቀቃል፣ ያንሸራትታል፣ የተበላሸ ይመስላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዱቄት ይጨምርና ዳቦውን ድንጋይ ያደርገዋል። እባክሽ አትጨምሪ፤ ማሸትሽን ብቻ ቀጥይ። ትንሽ ቆይቶ ይሰበሰባል፣ ከሳህኑም ይላቀቃል። ቁራሽ ወስደሽ በሁለት እጅሽ ቀስ ብለሽ ለጥጪው። ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ከሳሳ ደርሷል።

እጥፍ ሲሆን አስተንፍሺውና 60 ግራም፣ 60 ግራም እያደረግሽ አድቦልቡዪው። 30 ያህል ይወጣልሻል። ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ በመሃላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትተሽ ደርድሪ። እንደገና ኩፍ ሲል በጣትሽ ጫን አድርጊው። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፤ ቀስ ብሎ ከሞላ ወደ ኦቨን አስገቢ። በ180 ዲግሪ ከ18 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። ኋላ ስለምታሞቂው ፊቱን አታጥቁሪው።

ሙሉ ለሙሉ ሳይበርድ እንዳታሽጊ፤ እንፋሎቱ ውስጥ ለውስጥ በረዶ ይሠራል። መጀመሪያ በፎይል፣ ከዚያ አየሩን አስወጥተሽ በፕላስቲክ ከረጢት አሽጊ። ለአንድ ገበታ የሚበቃውን ለየብቻው አድርጊ።

መብራቱን በተመለከተ፣ የሞላ ፍሪዘር በሩ ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት። ክፍት ቦታ ካለ ጥቂት ጎደል ባሉ የውሃ ጠርሙሶች ሙይው። ፍሪጅ ላይ ያለችው ትንሿ ክፍል ግን ይህን ያህል አትችልም።

ድፎውን ከዚህ ጋር አትቀላቅይብኝ። እሱ ቅዳሜ ማታ በኮባው ይደፋ። ወፍራም ስለሆነ እሁድንም ሰኞንም አይደርቅም። ደግሞም ተባርኮ የሚቆረሰው እሱ ነው። ትንንሾቹ ለልጆቹና ለቡናው ናቸው።

ትንንሾቹን ቅዳሜ ማታ ከፍሪዘር አውጪ፤ እሽጉን ግን አትፍቺ። ሲቀልጥ የሚወጣው እርጥበት ተመልሶ ወደ ዳቦው ይገባል። ጠዋት በፎይል እንደተጠቀለለ በ150 ዲግሪ 10 ደቂቃ አሙቂው። መብራት ከሌለ ወፍራም ድስት ውስጥ ትንሽ የብረት ሳህን ገልብጪና ዳቦውን ላዩ ላይ አድርጊ። ክዳኑን ገጥመሽ በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ ጣጂው። እሳቱ ከሰል ከሆነ በረንዳ ላይ ይሁን፤ በር ተዘግቶ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል ሰው ይገድላል። ሁሉንም በአንዴ አታሙቂ። ለደረሰው እንግዳ የሚበቃውን ብቻ አውጪ፤ ሁለቴ የሞቀ ዳቦ ይጠጥራል።