አሮጌ ሞተር ሳይክል እና ኢንሹራንሱ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ክላሲክ ሞተር ሳይክል ኢንሹራንስ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከብሪታንያ ስለሆኑ ሕጉም ፓውንዱም የዚያው አገር ነው። ከቨርጂኒያና ከአዲስ አበባ የመጡት ጥያቄዎች መጨረሻ ላይ አሉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ (ሰሜን ለንደን)፦ የ1978 ትራያምፍ ቦንቪል ቲ140 በ6,500 ፓውንድ ገዛሁ። ኢንሹራንስ ሳጠያይቅ አንዱ ኩባንያ በዓመት 118፣ ሌላው 171 ፓውንድ አሉኝ። ሁለቱም «ኮምፕሬሄንሲቭ»፣ ማለትም ሙሉ ሽፋን፣ ነው የሚሉት። ርካሹን ብይዝ ምን ይቀርብኛል?

መልስ፦ «ኮምፕሬሄንሲቭ» የሚለው ቃል ይህን አይነግርዎትም። ሁለቱን ውሎች ያውጡና ሞተር ሳይክሉ ቢሰረቅ ወይም ከጥቅም ውጪ ቢሆን ካሳው በምን እንደሚሰላ የሚናገረውን አንቀጽ ይፈልጉ። ምናልባት አንዱ «የገበያ ዋጋ»፣ ሌላው «ስምምነት የተደረሰበት ዋጋ» ይል ይሆናል። እንዲህ ያለ የዋጋ ልዩነት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በገበያ ዋጋ ከሆነ የሚተምነው የኩባንያው ገማች ነው፤ ያውም ንብረቱ ከጠፋ በኋላ። ለአዲስ ሞተር ሳይክል ይህ ብዙም አያጣላም፤ የታወቀ ዋጋ አለው። በ1978 የተሠሩ ሁለት ቦንቪሎች ግን እንደ አያያዛቸው አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊያወጣ ይችላል፤ ገማቹ ደግሞ የእርስዎን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። 5,000 ፓውንድ ብሎ ተመነው እንበል። ኤክሰሱ፣ ማለትም ከካሳው ላይ የእርስዎ ድርሻ ተብሎ የሚቀነሰው፣ 350 ቢሆን እጅዎ የሚገባው 4,650 ነው። በስምምነት ዋጋ 6,500 ተብሎ ኤክሰሱ 250 ቢሆን 6,250 ያገኛሉ። ልዩነቱ 1,600 ፓውንድ ነው፤ በርካሹ ውል በየዓመቱ የሚተርፍዎትን 53 ፓውንድ ሠላሳ ዓመት ቢያጠራቅሙት እንኳ አይሞላውም።

ይሁንና የስምምነት ዋጋ ቅጽ ላይ ቁጥር ጽፎ በመላክ አይገኝም። እርስዎ የሞሉት 6,500 የእርስዎ ግምት ብቻ ነው፤ ኩባንያው ማስረጃ አይቶ መጠኑንና የሚጸናበትን ጊዜ ጠቅሶ በጽሑፍ እስካላረጋገጠ ድረስ ስምምነት የለም። ብዙ ሰው ማረጋገጫው ሳይመጣ ዓመቱን ይጨርሳል፤ ይህን የሚያውቀውም ሌባ ከጎበኘው በኋላ ነው።

ማስረጃው ይህ ነው። ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ በቀን ብርሃን የተነሡ ፎቶዎች፤ የማይል ቆጣሪው በቅርብ፤ የሞተር ቁጥሩና የሻንሲ ቁጥሩ ለየብቻ። በቲ140 ላይ የሞተር ቁጥሩ በግራ በኩል ሲሊንደሩ ከተቀመጠበት ከንፈር ትንሽ ዝቅ ብሎ ክራንክኬዙ (የሞተሩ ታችኛ ቤት) ላይ ተመቷል፤ የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ መሪው በሚታሰርበት የፍሬሙ አንገት ላይ በግራ በኩል ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነበሩ። የማይገጥሙ ከሆነ ሞተሩ ወይም ፍሬሙ ተለውጧል ማለት ነው፤ ዋጋውም ይወርዳል፤ ስለዚህ ሳይደብቁ ይንገሩ። ቁጥሩን ለማጽዳት በላምባ የራሰ ጨርቅ ይበቃል። ብርጭቆ ወረቀትም የሽቦ ብሩሽም አያስጠጉት፤ የተፋቀ ቁጥር የተሰረቀ ዕቃ ያስመስላል። ፎቶ ሲያነሡ የእጅ ባትሪ ከጎን ቢያበሩበት የደበዘዘው ምት ጥላ ጥሎ ይነበባል።

ከፎቶዎቹ ጋር የግዢ ደረሰኙን፣ የጥገና ደረሰኞችን፣ በተመሳሳይ ይዞታ ያሉ ሁለት ሦስት ሞተር ሳይክሎች ለሽያጭ የወጡበትን ማስታወቂያ ከነቀኑ ይላኩ። የክላሲክ ክለቦችም የግምት ደብዳቤ ይጽፋሉ። ዋጋው አንዴ ተስማማን ተብሎ የሚተው አይደለም፤ ውሉ ሲታደስ ይከልሱት።

ሌላ አንድ አንቀጽ አለ፣ ሰው የማያየው፦ ከጥቅም ውጪ ከተባለ ሞተር ሳይክሉ ለማን ይሆናል? ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ይህ ተራ ነገር አይደለም። ቆሞ ሳለ ቢወድቅ የነዳጅ ታንከሩ ይሰረጎዳል፣ በወደቀበት በኩል ያለው ክሮም ማርሚታ ይቧጨራል፣ መሪው ይጣመማል፤ በአዲስ መለዋወጫና በጋራዥ የሰዓት ዋጋ ሲሰላ ጥገናው ከዋጋው ጋር ይቀራረብና ኩባንያው «አይጠገንም» ይላል። ፍሬሙ ካልተነካ ኩባንያዎች ለተጎዳ ተሽከርካሪ ከሚሰጡት ምድቦች «ኤን» የሚባለው ይሰጠዋል፤ ተጠግኖ መንገድ ላይ መውጣት ይችላል። ውሉ ቅሪቱን በተወሰነ ተቀናሽ መልሰው እንዲወስዱ የሚፈቅድ ከሆነ ቦንቪልዎ ከእጅዎ አይወጣም። ካልፈቀደ ወደ ጨረታ ይሄዳል። ከመፈረምዎ በፊት ይጠይቁ።

ጥያቄ (በርሚንግሃም)፦ ዓረቦኑን፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምከፍለውን፣ በምን በምን ልቀንሰው እችላለሁ?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት በማይል። የክላሲክ ውሎች በዓመት 1,500፣ 3,000 ወይም 5,000 ማይል እየተባሉ ይሸጣሉ፤ ሰው ደግሞ ለጥንቃቄ ብሎ ከፍ ያለውን ይመርጣል። መገመት አያስፈልግም። የሞተር ሳይክሉ የኤምኦቲ (የዓመታዊ የቴክኒክ ብቃት) ምርመራ ታሪክ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በታርጋ ቁጥር በነጻ ይታያል፤ የየዓመቱ የማይል ንባብ እዚያ አለ። ያለፉትን ሦስት ዓመታት ልዩነት አይተው ጥቂት ጨምረውበት የሚበቃዎትን ይያዙ። በመሃል እንደሚያልፉ ከታወቀ ደውለው ያስጨምሩ፤ ከአደጋ በኋላ ግን ጊዜው አልፏል።

ቀጥሎ ማደሪያው ነው። «የተቆለፈ ጋራዥ» ብሎ መሙላት ዋጋ ይቀንሳል፤ ግዴታም ያመጣል። ብዙ ውሎች ሞተር ሳይክሉ ቤትዎ አካባቢ በሚያድርበት ሌሊት ጋራዥ ውስጥ ካልነበረ የስርቆት ካሳ የለም ይላሉ። አንዳንድ ሌሊት ደጅ የሚያድር ከሆነ እንደዚያው ይሙሉ። ሰንሰለት የሚገዙ ከሆነ ደግሞ ውፍረቱን ይዩ፦ 16 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጥሩ ብረት በእጅ ጉጠት አይቆረጥም፤ 10 ሚሊሜትሩ ግን ይበጠሳል። ሰንሰለቱን ከወለሉ ጋር የሚያይዘው ቀለበት በደንብ ኮንክሪት ውስጥ ካልተበሎነ ሌባው ሁሉንም አንድ ላይ ይዞት ይሄዳል። ኩባንያው ሶልድ ሴኪዩር ወይም ታቻም የተባሉት የቁልፍ ፈታሽ ድርጅቶች ያጸደቁት ቁልፍ ይፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።

ሁለትና ሦስት ሞተር ሳይክል ካለዎት በአንድ ውል ያድርጓቸው፤ በአንድ ጊዜ ሁለቱን መንዳት እንደማይችሉ ኩባንያውም ያውቃል። ኤክሰስ ከፍ ማድረግ ዓረቦኑን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የግዴታውና በፈቃድ የጨመሩት ይደመራሉ። 2,000 ፓውንድ ለሚያወጣ ሞተር ሳይክል 500 ኤክሰስ መያዝ ለአነስተኛ ጉዳት ኢንሹራንስ የለኝም ማለት ነው። በየወሩ መክፈል ብድር ነው፣ ወለድ አለበት፤ ከቻሉ በአንዴ ይክፈሉ። የክለብ አባልነት ቅናሽ ያስገኛል፤ ለቅናሹ ብቻ ብለው ከሆነ ግን የአባልነቱን መዋጮ ቀንሰው ያስሉ። እንደኛ ግን የክለብ እውነተኛ ጥቅሙ መለዋወጫ የት እንዳለ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ናቸው።

ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ኩባንያዎች ለነባር ደንበኛ ለአዲስ ደንበኛ ከሚሰጡት ዋጋ አስበልጠው እንዳያድሱ ተከልክለዋል። ይህ ግን ሌላው ኩባንያ ርካሽ አይሆንም ማለት አይደለም፤ ከማደሻው ቀን ሦስት ሳምንት ቀደም ብለው ያጠያይቁ። ክረምቱን አልነዳም ብሎ ውሉን አቋርጦ በጸደይ እንደገና መግባት ብዙውን ጊዜ አያዋጣም፤ የማቋረጫ ክፍያ አለ፣ የኖ ክሌም (ካሳ ሳይጠይቁ ያሳለፉት) ዓመትዎም ሳይሞላ ይቀራል።

ጥያቄ (ሊድስ)፦ ሞተር ሳይክሌ 40 ዓመት አልፎታል። የመንገድ ታክስም ቦሎም የለበትም ተባልኩ። ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሳለስ ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ የተባሉት እውነት ነው፤ ኢንሹራንሱን ግን አይነካም። 40 ዓመት ያለፈው ሞተር ሳይክል «ሂስቶሪክ» በሚለው የታክስ ምድብ ሲመዘገብ ታክሱ ዜሮ ይሆናል። ሆኖም ምድቡ በራሱ አይቀየርም፤ የመመዝገቢያ ደብተሩን ይዘው ፖስታ ቤት ሄደው ማስቀየር አለብዎት፤ ከዚያም ዜሮውን ታክስ በየዓመቱ «መክፈል» ይቀጥላሉ። ከኤምኦቲም ነጻ የሚሆነው ባለፉት 30 ዓመታት መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገበት ነው። ምርመራው ቀረ ማለት ፍሬኑ ይበላሽ ማለት አይደለም፤ ለመንገድ ብቁ ያልሆነ ሞተር ሳይክል መንዳት ያው ጥፋት ነው። ለንደን ለሚመጣ ሰው ሌላ ጥቅም አለ፦ በሂስቶሪክ ምድብ ያለ የዩሌዝን (ጭስ ለሚበዛባቸው ተሽከርካሪዎች የተጣለውን የለንደን ክፍያ) የቀን 12.50 ፓውንድ አይከፍልም።

ስለ መቆሙ፦ ሶርን፣ ማለትም ከመንገድ ውጪ ነው የሚለውን ማስታወቂያ፣ ካላስገቡ ጋራዥ ውስጥም ቢሆን ኢንሹራንስ ሊኖረው ግድ ነው፤ ከሌለው 100 ፓውንድ ቅጣት በፖስታ ይመጣል። ሶርን ካስገቡ ሕጉ አይጠይቅዎትም፤ ሌባና እሳት ግን ሶርን አያነቡም። ለእነዚህ ብቻ የሚሆን፣ መንዳትን የማይጨምር ርካሽ ውል አለ። ያንን ይዘው «እስከ ጥግ ድረስ ልሞክረው» ብለው ቢወጡ ግን ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ነው፦ 300 ፓውንድ ቅጣትና በመንጃ ፈቃድዎ ላይ 6 የጥፋት ነጥብ።

ጥያቄ (ማንችስተር)፦ ቢኤስኤ ባንታሜን ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ቀይሬ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ገጠምኩበት። ለኩባንያው አልነገርኩም። ችግር አለው?

መልስ፦ ዛሬ ይንገሩ። አብዛኞቹ የክላሲክ ኩባንያዎች ለእንዲህ ያለው ለውጥ ምንም አይጨምሩም፤ መብራትና አስተማማኝ አነሳስ ለእነሱም ይበጃል። አደጋው ያለው ከዝምታው ላይ ነው። ውል ሲገቡ ወይም ሲያድሱ ለሚጠየቁት ጥያቄ በጥንቃቄ መመለስ በ2012 በወጣው የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ የተጣለብዎት ግዴታ ነው። ሆን ብሎ ከዋሸ ኩባንያው ውሉን መሰረዝ ይችላል። በግድየለሽነት ከሆነና ኩባንያው ቢያውቅ ኖሮ ዓረቦኑን ይጨምር ከነበረ፣ ካሳው በዚያው ልክ ይቆረጣል፦ 120 ፓውንድ ከፍለው ትክክለኛው 160 ቢሆን የሚያገኙት ሦስት አራተኛውን ነው፤ የ4,800 ፓውንዱ ጉዳት 3,600 ይሆናል። በኢሜይል ይጻፉ እንጂ በስልክ ብቻ አይተዉት፤ መልሱንም ያስቀምጡ።

በካሳው ካልተስማሙ መጀመሪያ ለኩባንያው በጽሑፍ ያመልክቱ። ስምንት ሳምንት ጊዜ አለው። የመጨረሻ መልሱ ካላረካዎት መልሱ በተላከልዎት በስድስት ወር ውስጥ የፋይናንስ ኩባንያዎችን ቅሬታ ወደሚያየው ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ይሂዱ፤ ለሸማች በነጻ ነው።

ጥያቄ (ደቡብ ለንደን)፦ የ1983 ቬስፓ ፒኤክስ 125 አለኝ፤ መንጃ ፈቃዴ ሲቢቲ፣ ማለትም የመሠረታዊ ሥልጠና የምስክር ወረቀት ብቻ፣ ነው። በክላሲክ ኢንሹራንስ ምግብ ባደርስበትስ?

መልስ፦ አይሆንም። የክላሲክ ውል ለመዝናኛ ነው፤ ወደ ሥራ መመላለስ እንኳ ካልተጨመረ የለበትም። ምግብ ማድረስ በክፍያ ዕቃ ማጓጓዝ ስለሆነ የራሱ ውል ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከክላሲኩ ብዙ እጥፍ ነው። በርካታ የክላሲክ ኩባንያዎች ደግሞ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ይፈልጋሉ። ለሥራው ሌላ ስኩተር ይያዙ፣ ቬስፓውን ለእሑድ ያስቀሩት። ሲቢቲው በሁለት ዓመት እንደሚያበቃም አይርሱ፤ ያለፈበት ሲቢቲ ይዞ መንዳት ኢንሹራንሱንም ያበላሻል።

ጥያቄ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ የ1972 ቢኤምደብሊው አር75/5 አለኝ። ወኪሉ «የተገለጸ ዋጋ» አለው አለኝ። ይህ እናንተ ስምምነት የምትሉት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ አሜሪካ ውስጥ ሰው የሚሸወደው በዚህ ነው። በተገለጸ ዋጋ ውል ኩባንያው ብዙውን ጊዜ የሚከፍለው እርስዎ ከገለጹት መጠንና እርጅና ከተቀነሰለት የገበያ ዋጋ ያነሰውን ነው። ዓረቦኑን በ12,000 ዶላር ሂሳብ ከፍለው ካሳውን በ7,000 ሊያገኙ ይችላሉ። «ስምምነት የተደረሰበት ዋጋ» የሚሉት ቃላት ውሉ ላይ በጽሑፍ ይኑሩ። የክላሲክ ኩባንያዎች በምትኩ በየቀኑ የሚነዱት ሌላ ተሽከርካሪና የተቆለፈ ማደሪያ ይጠይቁዎታል።

ለሦስተኛ ወገን የሚያዘው አነስተኛ መጠን በቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000፣ ለአንድ አደጋ 100,000፣ ለንብረት 25,000 ዶላር ነው። የድሮ ውልዎ ከዚህ በታች እንዳልሆነ ያረጋግጡ። 25 ዓመት ላለፈው የሚሰጠውን የአንቲክ ታርጋ ከወሰዱ ደግሞ አጠቃቀሙ የተወሰነ ነው፦ ትርኢት፣ ሰልፍ፣ ከቤት እስከ 250 ማይል የሽርሽር ጉዞ። ወደ ሥራ በየቀኑ ለመመላለስ አይደለም።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ ወንድሜ ከለንደን አሮጌ ቬስፓውን ሊልክልኝ ነው። የእሱ ኢንሹራንስ እዚህ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም፤ የብሪታንያ ውል ከዚያው አገርና ከአውሮፓ አይወጣም። ለመርከብ ጉዞው ብቻውን የባሕር ጭነት ኢንሹራንስ ያስገባለት፤ ከመጫኑ በፊት ሁሉንም ጎን ፎቶ ያንሣ፣ ነዳጁን ያፍስስ፣ የባትሪውን ገመድ ይፍታ። እዚህ ሲደርስ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ዓ.ም. (ይህ በእኛው አቆጣጠር ነው) መሠረት ያለ ሦስተኛ ወገን መንዳት አይቻልም። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግን እርስዎ ለጎዱት ሰውና ንብረት እንጂ ለቬስፓው አይከፍልም። ለቬስፓው ተጨማሪ ሽፋን ከፈለጉ ሊብሬው በስምዎ ሆኖ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መግጠሙን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ በአንድ አኃዝ ቢለያይ መጀመሪያ የሚስተካከለው ሊብሬው ነው።