እናቴ ክኒኖቿ ተምታተውባታል፤ በኦንላይን ፋርማሲ ላስመዝግባት?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ሜሪላንድ ነው። ለስኳር ሜትፎርሚንና ግሊፒዛይድ፣ ለግፊት አምሎዲፒን፣ ለታይሮይድ ሌቮታይሮክሲን ትወስዳለች፤ ካልሲየምም ታዞላታል። አንዱን ትደግማለች፣ ሌላውን ትረሳለች። በየሰዓቱ ተከፋፍሎ ታሽጎ በፖስታ የሚመጣው ይሻላት ይሆን?

መልስ፦ ይሻላቸዋል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2018 የገዛው ፒልፓክ የተባለው የኦንላይን ፋርማሲና መሰሎቹ አብረው የሚዋጡትን ክኒኖች በአንድ ትንሽ ከረጢት ያሽጋሉ፤ ቀንና ሰዓት አትመውበት የወሩን በጥቅል ይልካሉ። እናትዎ ተራውን ቀደው መዋጥ ነው።

ማሽኑ ግን የሚያሽገው የተነገረውን ነው። «ጠዋት ጠዋት» ተብሎ ብቻ ከታዘዘ ሌቮታይሮክሲንና ካልሲየም አንድ ከረጢት ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ፤ ያኔ ካልሲየሙ መድኃኒቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና በሚገባ ወደ ደም አያልፍም። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል፤ ካልሲየም ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቀው። ሲያስመዘግቡ ለየብቻ ሰዓት ያስይዙ፤ ካልሲየሙን ከእራት ጋር ቢያደርጉት ይቀላል።

ሰዓቱ የሚታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አይርሱ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት የሚወሰደው ላይ 8 ተብሎ ይጻፋል፤ በእኛ አቆጣጠር ካነበቡት ከሰዓት በኋላ ሊውጡት ነው። አንድ በአንድ ያስረዷቸው።

በጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆዩ ከሆነ የጠዋቱ ከረጢት አደጋ አለው። ግሊፒዛይድ ያለ ምግብ ሲወሰድ ስኳርን ክፉኛ ያወርዳል። ጾሙ ሳይገባ ሐኪማቸው ሰዓቱንና መጠኑን አስተካክሎ አዲስ ማዘዣ ለፋርማሲው ይላክ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው በወር መካከል የሚደረግ ለውጥን ነው። አምሎዲፒን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ከፍ ቢል፣ አዲሱ በጠርሙስ ይመጣል፣ አሮጌው በየከረጢቱ ውስጥ አለ፤ ሁለቱ ሲደረቡ 15 ይሆናል፣ የቀኑ ጣሪያ ግን 10 ነው። የዚያኑ ዕለት ለፋርማሲው ይደውሉና ጥቅሉ እንዲቀየር ይጠይቁ። እስኪደርስ አሮጌውን ክኒን በላዩ ባለው ምልክት የሰፈር ፋርማሲስት ለይቶ ያውጣላችሁ፤ በግምት አትሞክሩት።

ኢንሱሊን፣ የሚሳብ መድኃኒትና የዓይን ጠብታ ከረጢት ውስጥ አይገቡም። ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪንም ከራሱ ጠርሙስ አይወጣም።

ማዘዣ ሳይጠይቅ የሚሸጥ ድረ ገጽ ካጋጠመዎ ይተዉት። ፋርማሲው ሜሪላንድ ውስጥ ፈቃድ እንዳለው ከግዛቱ የፋርማሲ ቦርድ ማጣራት ይቻላል፤ ኢንሹራንሳቸውን መቀበሉንም አስቀድመው ይጠይቁ።

ከመመዝገብዎ በፊት ቤት ያለውን ጠርሙስ ሁሉ፣ ከአገር ቤት የመጣውንም ጨምሮ፣ በፌስታል ይዘው ሐኪማቸው ዘንድ ይሂዱ። አንድ መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ሲወሰድ የሚገኘው እዚያ ነው። ማዘዣውን ወደ አዲሱ ፋርማሲ ማዛወሩ ቀናት ስለሚፈጅ የሁለት ሳምንት መድኃኒት በእጅ ይኑር፤ ጥቅሉ የተጀመረ ዕለት ግን የታሸጉት መድኃኒቶች አሮጌ ጠርሙሶች ከእናትዎ አጠገብ ይነሱ።